ቻይና የታዘዘችውን ነው የሠራችው

«የቻይና ዕቃ ነው» ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። የበሩ እጀታ ተነቅሎ እጅ ላይ ቀረ? የቻይና ነዋ! ጃንጥላው በመጀመሪያው ነፋስ ተገለበጠ? የቻይና ነው፣ ምን ጠብቀህ ነበር? ቻርጀሩ ስልኩን ሳይሞላ ራሱ ጋለ? ያው ነው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ቤታችን ውስጥ ለሚበላሽ ነገር ሁሉ መልስ ሆኖልናል። መልሱ ደግሞ ይመቻል። ጥፋተኛው ሩቅ ነው። ደውለን አንወቅሰው፣ እሱም ደውሎ አይከራከረን።

ችግሩ፣ አይፎኑም የቻይና ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ የቻይናን ዕቃ የሚያማርረው ሰው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ስልክ ምናልባት ዠንግዡ በምትባል የቻይና ከተማ ተገጣጥሞ የመጣ ነው። ቴክኖም የቻይና ነው። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሼንዠን ሆኖ ትልቁ ገበያው ግን አፍሪካ ነው። ሁለት ሲም የሚወስድ፣ ባትሪው የሚቆይ፣ ጥቁር ፊት በደንብ የሚያነሳ ካሜራ ያለው ስልክ ይዞልን መጣ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ መገጣጠም ያዘ። ርካሽ ነው፤ ግን ሰው ወዶት ነው የገዛው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «እነዚህ ሰዎች ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ አስቦበታል።

በአገር ስም መፍረድ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዞች በ1887 እ.ኤ.አ. በሕግ፣ የውጭ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ሲያስገድዱ ዋናው ሐሳባቸው ገዢው የጀርመንን ርካሽ ዕቃ አውቆ እንዲሸሽ ነበር። እኛም ጋ ከጣልያን ወረራ በፊት ርካሹ የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካውን አቡጀዲ ከገበያ ገፍቶት ነበር። ዛሬ «ጀርመን ነው»፣ «ጃፓን ነው» የሚለው ቃል ዋጋ መጨመሪያ ሆኗል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተነዳ ቶዮታ ሲሸጥ እንኳ «የጃፓን ሥሪት» መሆኑ በኩራት ይነገራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ አገር ሁለቱንም መሥራት ከቻለ፣ መጥፎው ለምን እኛ ጋ ይመጣል? ማነው የመረጠልን?

አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ያየሁትን ልንገራችሁ። እህቴ ኩዌት ለዓመታት ሠርታ ስትመለስ በሻንጣዋ ካውያ ይዛ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት «የአረብ አገር ዕቃ»፣ ከባድ፣ ገመዱ ወፍራም። ሶኬቱ ግን የእንግሊዝ ነው፤ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው። እዚህ ግድግዳ ላይ አይገባም። መርካቶ ተሄደና አዳፕተር ተገዛ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሮጠን ስንደርስ ካውያው ደህና ነው። የቀለጠው አዳፕተሩ ነው። ካውያውን ገልብጬ አየሁት፤ ቻይና የተሠራ ነው። አዳፕተሩም ቻይና የተሠራ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። የተለያዩት በመንገዳቸው ነው። አንዱን የጠራው የኩዌት አስመጪ ነው፣ ሌላውን የጠራው የእኛው ሰው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ካውያ ያሉ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃዎች የጋራ የተስማሚነት ምልክት ሳይኖራቸው ገበያ እንዳይገቡ አድርገዋል። እዚያ ምልክት የሌለው ዕቃ ያስገባ ነጋዴ ተጠያቂው ራሱ መሆኑን ያውቃል። ፋብሪካው ደግሞ ይሄን ስለሚያውቅ ለዚያ ገበያ ሌላ ዓይነት ይሠራል። እህቶቻችን ሻንጣቸውን በኪሎ እየከፈሉ፣ እዚህ መርካቶ የሞላውን ካውያና ብሌንደር ከዚያ የሚሸከሙት ለቅንጦት አይደለም። የሌላ አገር ተቆጣጣሪ ያየውን ዕቃ ነው የሚሸከሙት።

አሁን ደግሞ አንዱን ሶኬት ለብዙ ወደሚያካፍለው ዕቃ፣ ወደ ዲቫይደር ልምጣ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲቃጠል ከመጣሌ በፊት በካቻቪቴ መፍታት እወዳለሁ፤ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ጎረቤት ያለች ተከራይ የተቃጠለ ዲቫይደር ሰጠችኝ። ነጭ፣ አምስት ቀዳዳ፣ ቀይ መብራት ያለው ማብሪያ። ከኋላው «16 አምፔር፣ 250 ቮልት፣ 3500 ዋት» ተብሎ ታትሞበታል፤ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ እችላለሁ ማለቱ ነው። ቁጥሩ ጥርት ያለ፣ የሚያምር ጽሑፍ ነው።

ከፈታሁት በኋላ ቁጥሩን የሚያክል ነገር ውስጡ አላገኘሁም። የሶኬቱን እግር የሚይዘው ነሐስ መሳይ ልሙጥ ቆርቆሮ ነው፤ በጥፍር ይታጠፋል። ማግኔት አስጠጋሁበት፣ ልጥፍ አለ። ነሐስ ማግኔት አይዝም፤ ይሄ ቢጫ ቅብ የተቀባ ብረት ነው። ገመዱን ላጥሁት። ላስቲኩ ወፍራም፣ ሽቦው የፀጉር ያህል። ቀይ መዳብ ይመስላል። በምላጭ ፋቅ ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ወጣ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ስድሳ በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ቀጭን ነው። ያን ሁሉ ቀይ መዳብ ያስመሰለው ላዩ ላይ ያለች ስስ ልባስ ናት።

ልጅቷ የሰካችበት ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ቢስብ፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብባ ከሆነ በትክክል ነው የተጠቀመችው። ባለ አንድ ሶኬት ሰርቪስ ቤት ለሚከራይ ሰው «ምጣድ ዲቫይደር ላይ አይሰካም» የሚለው ምክር ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ሌላ የት ትሰካው? ባለሙያዎች ምክሩን ሲሰጡ ሰምቻለሁ። ሶኬት የሚጨምርላት አከራይ ግን አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ቀጭን ሽቦ ያለው ዕቃ መሥራት ነውር የለበትም። ለስልክ ቻርጀርና ለቴሌቪዥን ብቻ የሚሆን ዲቫይደር በርካሽ ይሸጥ፤ ላዩ ላይ «6 አምፔር» ተብሎ ይጻፍ፣ ሰው አውቆ ይግዛ። ደሃ ሰው ርካሽ ዕቃ የማግኘት መብት አለው። በጥራት ስም ገበያውን ዘግተው ርካሹን ሁሉ ሊያግዱ የሚነሱ ሰዎች እኔን አያስደስቱኝም። የሚያናድደኝ 16 የሚለው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ራሱን አልጻፈም።

ማን አስጻፈው? በኤሌክትሪክ ዕቃ ንግድ ላይ ያለ አንድ ወዳጅ አለኝ። መርካቶ ራጉኤል አካባቢ ነው ሱቁ፤ ጓንዡና ዪዉ ይመላለሳል። ዪዉ ማለት ከ75,000 በላይ ሱቆች በአንድ ገበያ ሥር የተሰበሰቡባት ከተማ ናት፤ መርካቶን ያየ ሰው እንኳ እግሩ ይከዳዋል። ያንን የተፈታ ዲቫይደር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠየቅሁት። አልደነገጠም።

«ፋብሪካው ይጠይቅሃል እኮ» አለኝ። «የየት አገር ገበያ ነው? ስንት ብር እንዲወጣልህ ትፈልጋለህ? ይልሃል። ሦስት ናሙና ይደረድርልሃል። ከላይ ስታያቸው አንድ ናቸው። አንዱ ሙሉ መዳብ ነው፣ አንዱ ድብልቅ ነው፣ ሦስተኛውን ተወው። ዋጋውን ስትሰማ እጅህ ራሱ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል።»

«ጽሑፉስ?»

«መጨረሻ ላይ ነው። ምን ይጻፍበት? ይልሃል። የፈለግከውን ይጽፍልሃል። የጀርመን ባንዲራ ካልክም ያደርግልሃል።»

«አንተ የመጀመሪያውን ብታመጣስ?»

«ጎረቤቴ ሦስተኛውን አምጥቶ አጠገቤ ይሸጣል። ገዢው ሁለቱን አይቶ ‹ያንተ ለምን ተወደደ?› ይለኛል። ምን ልበለው? ሽቦውን ልላጥለት?»

ሰውየው አልዋሸኝም፤ ስለዚህም አልጠላሁትም። ግን ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቡት። ሦስቱንም ናሙና ጎን ለጎን ያየ፣ ልዩነቱን በዋጋ የሰማ፣ «ምን ይጻፍ?» ተብሎ ተጠይቆ የመለሰ አስመጪው ነው። ፋብሪካው ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ጉምሩክ የሚያየው ወረቀት ነው። አከፋፋዩ ይጠረጥራል። ቸርቻሪው «ኦርጅናል ነው?» ሲባል «ኦርጅናል ቻይና ነው» ብሎ ይስቃል። ገዢው ምንም አያውቅም። ያወቀ ሰው ነው መጠየቅ ያለበት፤ በእኔ ሒሳብ ትልቁ ድርሻ የአስመጪው ነው።

ግን አስመጪውን ወደ ሦስተኛው ናሙና የገፋው ስግብግብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሌላ ገፊ አለ፤ ዶላር።

ወዳጄ በካልኩሌተር ያሳየኝን በራሴ ቁጥር ላስረዳችሁ፤ ቁጥሩ ለስሌት ያህል ነው። መጥፎው ዲቫይደር ፋብሪካ በር ላይ 1 ዶላር፣ ጥሩው 1 ዶላር ተኩል ነው እንበል። የመርከቡ ኪራይ፣ የጅቡቲ ወደብ፣ እስከ ሞጆ ያለው ጭነት፣ የመጋዘኑ፣ የጫኝና አውራጁ ወጪ ለሁለቱም አንድ ነው፤ መርከቡ ውስጡ መዳብ ይሁን ብረት አይጠይቅም። ስለዚህ ጥሩው ዕቃ መርካቶ ሲደርስ የዋጋው ልዩነት በመቶኛ ሲታይ ፋብሪካ በር ላይ ከነበረው በጣም ያነሰ ይሆናል። እኛ ሱቅ ላይ ከምንከፍለው ብር ብዙው የሚሄደው ለጉዞው፣ ለቀረጡና ለትርፉ ነው። ለዕቃው የቀረችው ትንሽ ናት። ያቺን ትንሽ ጥቂት ብትጨምርበት ዕቃው ሌላ ዕቃ ይሆን ነበር።

ታዲያ ለምን አይጨመርም? ምክንያቱም ለዓመታት እዚህ አገር የጠፋው ብር አልነበረም፤ ዶላር ነበር። አስመጪው ባንክ ተመዝግቦ፣ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወራት ተራ ጠብቆ፣ የጠየቀውን ሳይሆን የተሰጠውን ይወስድ ነበር። 20,000 ዶላር ቢደርሰው በአንድ ዶላሩ ዕቃ 20,000 ፍሬ ያመጣል፣ በአንድ ተኩሉ 13,000 ምናምን ፍሬ። ገዢው ልዩነቱን ስለማያይ ሁለቱንም የሚገዛው በተቀራራቢ ዋጋ ነው። እጁ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ዶላር ወደ ብዙ ፍሬ መለወጥ ለነጋዴው ግልጽ ሒሳብ ነው። እጥረቱ ራሱ ቆሻሻውን ዕቃ አዋጭ አድርጎት ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። አሁን ዶላሩ ከቀድሞው ይሻላል፣ ይገኛል ይባላል። ነገር ግን የገዢው ደመወዝ እንደ ዶላሩ አልዘለለም። ድሮ አስመጪው በዶላር እጥረት ሦስተኛውን ናሙና ይመርጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ በገዢው ኪስ ምክንያት እመርጣለሁ ይላል። ሰበቡ ተቀየረ፣ ናሙናው ያው ነው።

መንግሥትስ? ወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም። ቻይናና ኢትዮጵያ ተስማምተው ከጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነ ጭነት ከመነሳቱ በፊት እዚያው ቻይና እንዲመረመር አድርገው ነበር። እዚህ ደግሞ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ለአራት ተከፈለ፤ ደረጃ የሚያወጣ፣ ዕቃ የሚፈትሽ፣ የልኬት መሣሪያ የሚጠብቅ፣ ፈታሾቹን ራሳቸውን የሚመዝን። አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸው ዕቃዎች አሉ። ከደረጃ በታች የሆነ ዕቃ ወደመጣበት ተመለሰ ወይም ተወገደ የሚል ዜናም በየጊዜው እንሰማለን።

ይሁን እንጂ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ከብዙ ሱቅ የተለቀመ ዕቃ ሲታጨቅ ሁሉን አውርዶ የሚፈትሽ የለም። በቶጎ ጫሌ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባው ደግሞ ወረቀትም የለው። ተቆጣጣሪው በር ላይ ቆሞ ኮንቴይነር ከሚቆጥር ከመርካቶ ሱቆች እንደ ማንኛውም ሰው ዕቃ ገዝቶ ቢፈታ የተሻለ ይመስለኛል። ካቻቪቴ፣ ምላጭና ማግኔት ይበቃዋል። ላቦራቶሪው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ገዢውን ዝም ብዬ ልለፈው ነበር፤ ግን አንድ ነገር አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሱቁ ግድግዳ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። ሕጉና ግድግዳው ሲጣሉ የሚያሸንፈው ግድግዳው ነው። ለምን? ደረሰኝ የለንማ! ሻጩ «በደረሰኝ ከሆነ ይሄን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» ይላል፤ እኛም ቫቷን አትርፈን በደስታ እንወጣለን። ያችን 15 በመቶ ስናተርፍ ዕቃውን ከማን እንደገዛን ማስረጃችንንም እዚያው ትተን ነው የምንወጣው።

ገዢው ሲያይ ግን አይሸወድም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው የሸራ ተራ ጫማ ሰፊዎች ጉድ ፈልቶባቸው ነበር። ቆንጆ፣ ቀላል፣ ርካሽ ጫማ። ሥራ ያቆመው ብዙ ነው። ከዚያ ክረምት መጣ፣ ሶሉ አፉን ከፈተ። ሰው ተመልሶ ወደ አገር ውስጡ ጫማ ሄደ። ጫማ ሰፊዎቹም ዝም ብለው አልጠበቁም፤ የቻይናውን ዲዛይን አጥንተው የራሳቸውን አሻሻሉ። ኢንስፔክተርም ዘመቻም አላስፈለገም።

ዲቫይደር ግን ክረምት የለውም። ውስጡ አይታይም፣ ሲቃጠልም ሰው «መብራት ኃይል ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የፍሬን ሸራም እንደዚያው ነው፣ የጋዝ ሲሊንደር መቆጣጠሪያም እንደዚያው። ገበያ ራሱን ያርማል የሚሉ ሰዎች የሚያዩት ጫማውን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ስባል የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአስመጪው ስም ዕቃው ላይ ይታተም። ካርቶኑ ይጣላል፤ ዕቃው ራሱ ላይ፣ 16 አምፔር ከሚለው አጠገብ። ስም፣ የንግድ ምዝገባ ቁጥር፣ ስልክ። እኔ ባገላበጥኳቸው ዲቫይደሮች ላይ ቻይና መሠራቱ ተጽፏል፣ ማን እንዳመጣው የተጻፈበት ግን አላየሁም። ፋብሪካው የጀርመን ባንዲራ ካተመ የአንድ የመርካቶ ነጋዴ ስም ማተም አያቅተውም። ቀለሙ ያው ነው።

ይሄንኑ ለወዳጄ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «16 ተብሎ በሚጻፍበት ዕቃ ላይ ስሜን አላስጽፍም» አለ።

«6 በላቸዋ!»

«ሌሎቹ 16 እያሉ? በሁለት ወር ሱቄን እዘጋለሁ። ሁሉም እንዲጽፍ ይገደድ፣ እኔም እጽፋለሁ። መዳቡንም አመጣለሁ።»

አስገዳጅ ይሁን ያለኝ እንግዲህ ነጋዴው ራሱ ነው።